ከባህሬን ሳይፕረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ቅናት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባልና ሚስትን ነው። እኔ በባሌ ቀንቼ አላውቅም። ኑሩ ግራና ከምትባል ከተማ ሽንኩርትና ፓፓያ እየጫነ ወልድያ የሚያከፋፍል፣ ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። ለሌላ ሴት የሚተርፍ ጉልበት የለውም። እኔ የቀናሁት በአንድ ልጅ ነው። ዩሱፍ ይባላል። ባህሬን የተወለደ፣ በአካል አይቼው የማላውቀው፣ እናቴ ያሳደገችው ልጅ ነው። በእሱ መቅናት የጀመርኩት በልጅነቴ ስለሆነ፣ ካደግሁም በኋላ ቅናቱን እንደ አንድ የገላዬ ክፍል ለምጄው ኖሬያለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ስል በእሱና በእኔ መካከል የሆነውን ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት መርሳ ነው፤ ባለፈው ዓመት ዋናው መንገድ ዳር ባለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቀለም እሸጥ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ ገና ሳልድህ ነው የሞተው። እናቴ ሐዋ ብቻዋን እስከ ሰባት ዓመቴ አሳደገችኝና ባህሬን ሄደች። የሄደችበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ጠዋት ጸጉሬን ጎንጉና ትምህርት ቤት ላከችኝ። ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ አልጋዋ ተነጥፏል፣ አክስቴ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማለች። «እናትሽ ትመጣለች» አለችኝ። መቼ እንደምትመጣ ግን አልነገረችኝም። እኔም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየተነሳሁ።

እናቴ የገባችበት ቤት እመቤቲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዩሱፍ የተወለደው እናቴ እዚያ ከደረሰች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ሲያመው አብራው ያደረችው እሷ ናት። እኛ ዓርብ ዓርብ በስልክ እንገናኝ ነበር። ስለ ትምህርቴ ትጠይቀኛለች፣ እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩትን ወሬ እነግራታለሁ፣ ትስቃለች። ታዲያ ወሬው ሲጥመን ከወዲያ በር ይንኳኳል። «ቆይ ሰዓድዬ፣ ልጁ ጠራኝ» ትለኛለች። ከዚያ ድምጿ ይለወጣል። የምትለው በዓረብኛ ስለሆነ አይገባኝም፤ ግን የምታባብልበት ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ያ ድምፅ የእኔ ነበር።

ሁለት ጊዜ እረፍት መጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ፎቶው ነበር። በአንዱ ፎቶ ላይ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ ቆሟል፣ እናቴ ከጀርባው የእሱን ቦርሳ በትከሻዋ አንግታለች። እኔ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስገባ እንዲያ እንዳደረገችኝ አክስቴ ትነግረኛለች እንጂ የእኔ ፎቶ የለም።

እንግዲህ አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ስይዝ እናቴ ደወለችና፣ «በዚህ ጊዜ ጨርሼ ነው የምመጣው። አንቺን ማረስ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለችኝ። ምን ያህል እንደተደሰትኩ ልነግራችሁ አልችልም። ኑሩ ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባ፤ አክስቴ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ አስቀመጠች። እናቴ ዓርብ አዲስ አበባ ልትገባ፣ በዚያው ወደ ኮምቦልቻ በረራ ልትይዝ፣ ኑሩ ደግሞ ከኮምቦልቻ ሊያመጣት ተነጋገርን። በመጨረሻዎቹ ቀናት በአንድ ነገር ብቻ ነው የተቀየምኳት። «ወንድ ከሆነ ዩሱፍ ብትዪው» አለችኝ። «አየዋለሁ» አልኳትና ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ረቡዕ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ደወለች።

«ሰዓድዬ፣ ትንሽ ነገር ተለወጠ» አለችኝ።

«ምን ተለወጠ?»

«የዩሱፍ እናትና አባት እንደተፋቱ ነግሬሽ የለ። እሷ ሌላ አግብታለች። ልጁ አባቱ ጋ ሳይፕረስ ሊሄድ ነው፤ ከእንግዲህ እዚያ ነው የሚኖረው። ያለ ሐዋ አልሄድም ብሎ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። ነገ አድርሼው በዚያው ወደ አንቺ እመጣለሁ። ቢዘገይ ቅዳሜ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ሳይፕረስ የት ነው?»

«ቅርብ ነው አሉኝ። እሱም እንደ ባህሬን ደሴት ነው። ከደሴት ደሴት መሻገር ነው፤ ከመርሳ ሐራ ገበያ እንደ መሄድ በይው።»

ሁለት ደሴት ሲባል በአእምሮዬ የመጣልኝ ወንዝ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ድንጋዮች ናቸው። እግሯን ከአንዱ አንስታ በሌላው ላይ የምታሳርፍ መሰለኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት በአፌ ብቻ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ አድርሱኝ ይላል፤ እኔን በሰባት ዓመቴ ያለ ማን መሆን እንደማልችል ማንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ሐሙስ ኑሩ ለአልትራሳውንድ ወልድያ ወሰደኝ። ሐኪሟ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ለመወለድ እንደዞረ፣ ከዚህ በኋላ የትኛውም ቀን ሊመጣ እንደሚችል ነገረችን። ስንወጣ ኑሩ የሽንኩርት ሒሳብ ለመቀበል ወደ ደንበኛው ሄደ፤ እኔን መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ደጅ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። መስኮቱ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ተለጥፏል። እሱን ሳይ ቆይቼ ተነስቼ ገባሁ።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ሆዴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«እኔ አልሄድም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ከባህሬን ሳይፕረስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ላርናካ ማለትሽ ነው? አውሮፕላን ማረፊያው ላርናካ ነው።» ጽፎ አየ። «ቀጥታ ካገኘች ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀጥታ ከሌለ በሌላ አገር ዞራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅባት ይችላል።»

«በጀልባስ አይኬድም? ሁለቱም ደሴት ናቸው ብለውኝ ነው።»

ወጣቱ አልሳቀብኝም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና ካርታ ከፈተ። ባህሬን በአንድ ባሕር ዳር ያለች ነጥብ ናት። ሳይፕረስ በሌላ ባሕር ውስጥ፣ ከላይ በግራ በኩል ነው። መሀላቸው ባሕር የለም፤ ካርታው ላይ ያለው ቢጫ በረሃ ነው፤ ዓረብ አገር ሙሉውን ተዘርግቶ።

«ከባህሬን አዲስ አበባስ?» አልኩት።

«እሱም አራት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ከሳይፕረስ አዲስ አበባስ?»

«ቀጥታ የለንም። በሌላ አገር ማረፍ፣ ምናልባትም እዚያ ማደር ይኖርባታል። ማን ናት የምትመጣው?»

«እናቴ ናት» አልኩት።

አመስግኜው ወጣሁ። ጥላው ሥር ተመልሼ ተቀመጥኩ። የታየኝ ነገር ቀላል ነው። እናቴ ወደ እሱ አገር ለመሄድ አውሮፕላን ላይ የምትቀመጠው ወደ እኔ ለመምጣት ከምትቀመጠው ጋር ተቀራራቢ ነው። ያንኑ ሰዓት ወደዚህ ብታዞረው ነገ አጠገቤ ትሆን ነበር። ሁለት መንገድ ፊቷ ነበር፣ እኩል የሚሆኑ፤ እሷ የእሱን መረጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ የሩቅ አገር ሥራ ነው የለያየን ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ያን ቀን ግን የለያየን ርቀት እንዳልሆነ አወቅሁ።

ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። የድምፅ መልእክት ቀዳሁ።

«እማዬ፣ ሳይፕረስ ቅርብ አለመሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ወደ እኔ የሚያመጣሽ ሰዓት ወደዚያ ወስዶሻል። ልጅሽ እሱ ከሆነ እዚያው ከልጅሽ ጋር ሁኚ። እኔን አክስቴ ታርሰኛለች፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት።»

አንዴ ከሄደ እንደማይመለስ እያወቅሁ ላክሁት። ኑሩ ደርሶ የመጨረሻዋን ቃል ሰምቶ ኖሮ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ከመንገድ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ይባላል?» አለኝ።

«አንተ እናትህ ከጎንህ ናት» አልኩት።

ከዚያ ተነስተን ወደ መርሳ ተመለስን።

ዓርብ ስልክ አልተደወለም። የእኛ ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ ሳትደውል የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም። መልእክቱን እንዳየችው ስልኬ ላይ ይታያል፤ መልስ ግን የለም። አክስቴ ዘሀራ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ፊቴን አየችና፣ «አብሽሪ፣ ትመጣለች» አለች። ልክ ያኔ በር ላይ ቆማ እንዳለችኝ።

«እናንተ ሁልጊዜ ትመጣለች ነው የምትሉት» አልኳት።

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ሳህኑን ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ምጥ ጀመረኝ። መጀመሪያ ወገቤን ያዘኝ፣ ለቀቀኝ፣ እንደገና ያዘኝ። ኑሩ ባጃጅ ጠርቶ እኔንና አክስቴን መርሳ ሆስፒታል ወሰደን። አዋላጇ አይታኝ ገና እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ብንሸራሸር እንደሚሻል ነገረችን። አክስቴ ትደግፈኛለች፣ ኑሩ ስልኬንና የልብስ ቦርሳውን ይዞ ከኋላችን ይከተላል። ፀሐይዋ እየጠነከረች ስትመጣ ከግድግዳው ጥላ ሥር አረፍን። ያኔ ስልኩ ጮኸ። ኑሩ ቁጥሩን አየና፣ «የውጭ ነው» ብሎ ሰጠኝ።

እናቴ መስላኝ ነበር። የወንድ ልጅ ድምፅ ነው፤ ገና መጎርነን የጀመረ።

«ሰዓዳ ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«እንደምን አረፈድሽ እቴ። ዩሱፍ ነኝ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያስደነገጠኝ መደወሉ ብቻ አልነበረም። አማርኛው የእኛ ነው። «እቴ» ሲል ዜማው የአክስቴ ነው፤ «አረፈድሽ» ሲል የእናቴ ነው። ከመርሳ እግሩን ያላነሳ ሰው ይመስላል። በዚያ ላይ የትልቅ ሴት አነጋገር ነው፣ ከወንድ ልጅ አፍ የሚወጣ።

«አማርኛ ትችላለህ?» አልኩት።

«እሰማለሁ። መናገር ትንሽ ይከብደኛል። መልእክትሽን ሰማሁት። እማዬ መኪና ውስጥ ስትከፍተው አጠገቧ ነበርኩ። እንደምሰማ አታውቅም ነበር።»

«እማዬ አትበላት።»

ሳላስበው ነው የወጣኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ምን ልበላት?» አለኝ።

«ስም አላት። ሐዋ ነው ስሟ።»

«ትንሽ ሆኜ ‹እማዬ› ስሟ መስሎኝ ነው» አለ። «አንቺ በስልክ እማዬ ስትያት ሰማሁ። ከዚያ ለመድሁት።»

ምጡ መጣ። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ የአክስቴን ክንድ ጨበጥኩ። ሲለቀኝ መልሼ ያዝኩት፤ አልዘጋውም ነበር።

«አማርኛ እሷ ናት ያስተማረችህ?» አልኩት። መልሱን መስማት አልፈልግም ነበር፣ ግን ጠየቅሁት። በዓረብኛ ስታባብለው ስሰማ ኖሬ፣ ደግሞ በእኛ ቋንቋም አባብላው ከሆነ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም።

«አይ። አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ዓርብ ስትደውልልሽ እማዬ... ሐዋ በሩን ትዘጋለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታወራሽ። እኔ ከበሩ ውጭ እቀመጥ ነበር። ከእኔ ጋር ሆና እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ምን እያልሽ እንደምታስቂያት ማወቅ ፈለግሁ። ሁሌ ዓርብ ስሰማ ስሰማ ገባኝ። ሲብስብኝ አንኳኳ ነበር፤ እንድትዘጋው።» ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። «በጣም እጠላሽ ነበር።»

አንባቢዎቼ፣ ያኔ የተሰማኝን በትክክል ልነግራችሁ እሞክራለሁ። አዘንኩለት ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሱ ናት ብዬ ያሰብኳት ሴት ለካ በሳምንት አንድ ቀን የእኔ ብቻ ነበረች። የሚቀናው ልጅ ወዲያ ነበር፤ የሚቀናበትም እኔ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

«አሁን የት ናት?» አልኩት።

«ተሳፍራለች። ሌላ አገር አድራ ነገ አዲስ አበባ ትገባለች። ትናንት ልትደውልልሽ ስልኩን አንስታ አንስታ ተወችው። በስልክ አይሆንም፣ ፊቷን አይቼ ነው የማወራት አለች። እኔ የደወልኩልሽ እንድትቀበያት ነው። ቅሪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን አልቀረችም። ልጄ ናት፣ ልትወልድ ነው ብላ ሄደች።»

«እሺ» አልኩት።

«ትናንት አባቴ ቤት በር ላይ ቆመን ምን አለችኝ መሰለሽ። ‹ልጄን ትምህርት ቤት ልኬያት ነው የሄድኩት፤ ሳልነግራት። እሷን እንደዚያ አድርጌ ሌላ ሰው ላይ አልደግመውም። አንተን ነግሬህ፣ እያየኸኝ ነው የምሄደው› አለችኝ። ስለዚህ ነው እስከዚህ ድረስ ያመጣችኝ።»

ይኸኛው ከምጡ ይልቅ ወጋኝ። እናቴ ስለዚያ ቀን ለእኔ ተናግራኝ አታውቅም። አንድም ዓርብ፣ አንድም እረፍት ላይ አንስታው አታውቅም። የረሳችው መስሎኝ ነበር። ለካ አስታውሳዋለች፤ የነገረችው ግን ለእሱ ነው። የእኔ መሰናበቻ ለእሱ ተሰጠ።

«ከዚህ መርሳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለኝ ዩሱፍ።

በሐሙሱ ካርታ ላይ አይቼዋለሁ። «አላውቅም» አልኩትና ምጡ ሲመጣ ስልኩን ለኑሩ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወልዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ «ሴት ናት» ስትል ከደስታዬ ውስጥ አንዱ ክፍል፣ ስሟ ዩሱፍ ሊባል ስለማይችል ነበር። እንዲያም ሆኜ ነው የወለድኩት። አክስቴ ልጅቷን አቅፋ እያለቀሰች፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

እሁድ ቀትር ላይ ቤት ገብቼ ተኝቻለሁ። ኑሩ ማለዳ ኮምቦልቻ ሄዷል። የመኪናው ድምፅ ደጅ ላይ ሲቆም አክስቴ ወጣች፤ ሰላምታና ለቅሶ ተቀላቅሎ ይሰማኛል። እኔ ልጅቷን ወደ ደረቴ ሳብኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እናቴ ገባች። አቅፋ ትስመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወጥታ እጇንና ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከስታለች። መንገድ ሁለት ቀን ያንገላታው ሰው ፊት ነው።

«መልእክትሽን ሰማሁት» አለች።

ሳልዞር የልጅቷን መጠቅለያ አስተካከልኩ።

«ቅርብ ነው ያልኩሽ ዋሽቼሽ አይደለም። ማዳም፣ የዩሱፍ እናት ናት ያለችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኜ ወደ ታች ባሕር አያለሁ ስል አሸዋ ነው፤ ሄድን ሄድን፣ አሸዋ ነው። ያኔ ነው የገባኝ።»

«ቅርብ ባይሆንስ አትሄጂም ነበር?»

አሰበች። እናቴ ለመልስ የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

«እሄድ ነበር» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ይቅርታ ትለኛለች፣ አስገደዱኝ ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እንደዚያ ብትለኝ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ አላምናትም ነበር።

«ልጁን ላኪውና ነይ ብልሽስ?»

«እልከው ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ሰዓድዬ፣ እናቱ ሻንጣውን እንኳ አላሰረችለትም። እኔ ነኝ ያሰርኩለት። ልብሱን ሳጣጥፍ ያንቺ ሰማያዊ ዩኒፎርም ታየኝ። ያን ቀን ጠዋት ጸጉርሽን ስጎነጉንሽ እነግራታለሁ፣ አሁን እነግራታለሁ እያልኩ ጎንጉኜ ጨረስኩ። ብታለቅሺ እንደማልሄድ አውቅ ነበር። ስለዚህ ፈራሁሽ።»

«የሰባት ዓመት ልጅ?»

«አዎ። ፈራሁሽ።»

«ለእሱ ነገርሽው። ለእኔ ግን አልነገርሽኝም።»

«ደወለልሽ?»

«ደወለ። ሁሉንም ነገረኝ። አማርኛ እንደሚሰማ ታውቂ ነበር?»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እዚያ እንደደረስን ነው ያወቅሁት» አለች። «መኪናው ውስጥ አንቺ ተናግረሽ ስትጨርሺ እሱ ነው ያለቀሰው። ያኔ ነው የገባኝ።»

ልጅቷ መነጫነጭ ጀመረች። እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ግን መልሳ ሰበሰበችው፤ እኔ እስክሰጣት ጠበቀች። ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው። በገዛ ልጇ ልጅ ላይ ፈቃድ ጠበቀች። ልጅቷን አንስቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«እንዴት ነው የተሰናበትሽው?» አልኳት።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ማለዳ ተነስታ ሻይ እንዳፈላችለት፣ እንቢ ሲላት አብራው ቁጭ ብላ እስኪጠጣ እንደጠበቀች። ጠዋት እንደምትሄድ ከዋዜማው ጀምሮ እንደነገረችው። ጸጉሩን ልታስተካክልለት ስትል እጇን እንደያዛት። «የት እንደምሄድ ታውቃለህ፣ ስልኬን ታውቃለህ፣ የማልመለሰው ስለማልወድህ አይደለም» እንዳለችው። መኪናው ውስጥ ገብታ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ እንዲያያት እንዳደረገች። ስትነግረኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። እየሰማሁ ዩሱፍን አውጥቼ እኔን አስገባሁ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰችዋን። ሳላውቀው ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ አክስቴ ደንግጣ ገባች፤ እናቴ በእጇ ምልክት ሰጠቻትና ተመልሳ ወጣች።

«በእኔ ላይ ብትማሪው ይሻል ነበር» አልኳት።

«ይሻል ነበር» አለች።

የሆነው ይኸው ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ አልተመለሰችም። ኑሩ በቀባው ክፍል ውስጥ ትኖራለች። እናትና ልጅ በአንድ ጀንበር ታርቀው በደስታ መኖር ጀመሩ ብዬ አልጽፍላችሁም። መርሳ ለእሷ እንግዳ ሆናባት ነበር፤ ሰፈሩ ተለውጧል፣ የምታውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ የሉም፣ ማለዳ እየተነሳች ማንን ለትምህርት እንደምታዘጋጅ ግራ ይገባት ነበር። እኔም ቅናቴ አልለቀቀኝም። ዩሱፍ ሲደውል ድምጿ ሲለወጥ አሁንም ይሰማኛል። ስለ ቅናት ግን ያኔ የማላውቀውን አንድ ነገር አውቄያለሁ። የምንቀናበት ሰው የያዘ የሚመስለን ነገር ብዙ ጊዜ እሱም እጁ ላይ የለም። እኔ የእናቴን ጉልበትና ጊዜ ወሰደብኝ እላለሁ፤ እሱ ሳቋን ወሰድሽብኝ ይላል። ሁለታችንም ልክ ነን። ሁለታችንም ደግሞ በአንዲት ሴት የሥራ ዘመን ውስጥ የተሰለፍን ልጆች ነበርን፤ ሰልፉን ያዘጋጀነው እኛ አይደለንም።

ይህን የምታነቡ፣ ነገ ሻንጣችሁን የምታስሩ እናቶች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ከመርሳም፣ ከሐራም፣ ከግራናም። አትሂዱ የምላችሁ ሰው አይደለሁም፤ የምትሄዱበትን ምክንያት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልጃችሁ ቢያለቅስም ንገሩት። አልቅሶ ይሸኛችሁ። ሳይነገረው የቀረ ልጅ አድጎም፣ አግብቶም፣ ወልዶም በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ይዛ ቆመች። እናቴ አጨበጨበችና፣ «ዩሱፍም እኮ ልክ እንዲህ...» ብላ ጀምራ አቋረጠችው። ዓይኗን ሰብራ ልጅቷን ታያለች። እንዲህ ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ አንድ ዓመት ያህል በቤቴ ውስጥ ወሬዋን ስትውጥ አይቻታለሁ። የእናቴ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ልጅ ላይ ነው ያለው። እሱን ካልሰማሁ እሷን የማውቅበት ሌላ መንገድ የለኝም።

ወንበሩን ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዩሱፍ ምን አደረገ?» አልኳት። «ቀጥዪ፣ ንገሪኝ።»